ዮጋ ለጥንካሬ፣ ለመተጣጠፍና ለዕድሜ ልክ ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዮጋ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎችና ጀምረው ግራ የገባቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከበድ ያለው።

ዮጋ ምንድን ነው? ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ነው ወይ?

አይደለም። ዮጋ ውስጥ ሦስት ነገር አብሮ ይሄዳል፦ የሰውነት አቋም፣ አተነፋፈስና ትኩረት። አቋሞቹ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት «አሳና» ይባላሉ። አንዱን አቋም ይዞ መቆየት፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ ወደ ሌላው መሸጋገር፣ ሐሳብ ሲባዝን መልሶ መያዝ፤ ሥራው ይኸው ነው። ከውጭ ሲታይ ዝም ብሎ መቆም ይመስላል። የፊት ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ አንድ ደቂቃ የቆመ ሰው ግን ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ነገሩ ይገባዋል።

መነሻው ሕንድ ነው። ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚያወሩት ስለ አእምሮና ስለ ተመስጦ እንጂ ስለ ጡንቻ አይደለም። ዛሬ የምናውቀው፣ አካል ላይ ያተኮረው ዮጋ መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻሪያ የሚባል መምህር በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር። ልምምዱን ለቀረው ዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል ሦስቱ፣ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር፣ ፓታቢ ጆይስና ኢንድራ ዴቪ፣ የእሱ ተማሪዎች ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞታል።

ሰውነቴ ደረቅ ነው፤ የእግር ጣቴን እንኳ መንካት አልችልም። ዮጋ ይሆነኛል?

ይሆናል። የዚህን ያህል የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። መተጣጠፍ ከልምምዱ የሚገኝ ነገር ነው እንጂ ለመግባት የሚጠየቅ መስፈርት አይደለም።

ስታጎነብሱ የእግር ጣታችሁ ላይ የማይደረሰው ብዙውን ጊዜ ከጭን ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ስለሚይዟችሁ ነው። መፍትሔው ጉልበትን አጠፍ ማድረግ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ዳሌ እንደልቡ ይዞራል፣ ወገብም ጫናው ይቀንስለታል። ጉልበትን ገትሮ፣ ጀርባን አጉብጦ ጣት መንካት ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። እጃችሁ መሬት ካልደረሰ መሬቱን ከፍ አድርጉት፦ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ወይም የዮጋ ብሎክ ከእጃችሁ ሥር አስቀምጡ። ተቀምጣችሁ እግራችሁ ካልተያዘ ቀበቶ ወይም ፎጣ በውስጥ እግር በኩል አዙራችሁ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ይህ ማጭበርበር አይደለም። የአየንጋር ዘዴ የሚታወቀው በእነዚህ መደገፊያዎች ነው።

ለመጀመር ምን ምን መግዛት አለብኝ?

ምንጣፍ ብቻ። የተለመደው 173 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጉልበታቸው የሚያማቸው ወፈር ያለውን ቢመርጡ ይሻላል። በጣም ከወፈረ ግን በአንድ እግር ለመቆም ያስቸግራል። ዋናው ነገር አለመንሸራተቱ ነው።

ጫማም ካልሲም አያስፈልግም። ልብሱ ስታጎነብሱ ፊታችሁ ላይ የማይወርድ፣ እንቅስቃሴም የማይዝ ይሁን። ከበድ ያለ ምግብ ከበላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። የተቀረው ዕቃ፣ ልዩ ሱሪውም ጭምር፣ ቢቀር ምንም አይጎድላችሁም።

የዮጋው ዓይነት በዛብኝ። የትኛውን ልምረጥ?

ሀታ ተብሎ የሚቀርበው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ አቋም ተይዞ ለጥቂት ትንፋሽ ይቆያል። አየንጋር ለአቋም ጥራት የሚጨነቅ ነው፤ ቀበቶ፣ ብሎክና ወንበር ይጠቀማል። ቪንያሳ እንቅስቃሴውን ከትንፋሽ ጋር አያይዞ ሳያቆም ይፈሳል። አሽታንጋም እንደዚያው ሆኖ ቅደም ተከተሉ የተወሰነ ነው፤ ከበድም ይላል። ዪን መሬት ላይ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ አንዱን አቋም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መያዝ ነው። ሆት ዮጋ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ይሠራል።

ለጀማሪ የምመክረው ሀታን ወይም አየንጋርን ነው። ቪንያሳ ፈጣን ስለሆነ አቋሙን የማያውቅ ሰው ሌላውን እያየ ሲሮጥ ትከሻውን ይጎዳል። ጥቂት ወራት ዝግ ባለው ከሠራችሁ በኋላ ወደ ቪንያሳ ብትሄዱ ትደሰቱበታላችሁ። ዪን ለእረፍት ቀን ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ጥንካሬ አይሰጥም። ሆት ዮጋ ሙቀት የማይችል፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር ሰው የሚሞክረው አይደለም።

በሳምንት ስንት ቀን ልሥራ? ለውጡስ መቼ ይታያል?

በሳምንት አንዴ 90 ደቂቃ ከመሥራት ሦስት ወይም አራት ቀን 20 ደቂቃ ይሻላል። ሰውነት የሚለምደው በመደጋገም ነው። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው ደግሞ 20 ደቂቃ ማግኘት 90 ደቂቃ ከመፈለግ ይቀላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጥንካሬ በአብዛኛው የነርቭ ሥራ ነው፤ አንጎል ያሉትን ጡንቻዎች በተሻለ ሁኔታ ማዘዝ ይለምዳል። ጡንቻው ራሱ ለመወፈር ወራት ይፈልጋል። መተጣጠፍም ቀስ እያለ ይመጣል። ቶሎ የሚታየው ለውጥ እንቅልፍና ስሜት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ልምምዱን የሚቀጥለውም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል።

ዮጋ እውነት ጥንካሬ ይገነባል? ወይስ ጂም መግባት አለብኝ?

ይገነባል፤ እስከተወሰነ ደረጃ። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጫንበት ነው። ጭነቱ ብረት ይሁን የራሳችሁ ክብደት ጡንቻው አይለይም። ፕላንክ ላይ መቆየት፣ ማለትም በእጅና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሆድን፣ ትከሻንና መቀመጫን አንድ ላይ ያሠራል። ከፕላንክ ክርንን ከጎድን አስጠግቶ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ቻቱራንጋ የሚባለው፣ ጠበብ ያለ ፑሽ አፕ ነው። ብዙ ጀማሪ አንዱን እንኳ በሥርዓት መሥራት ያቅተዋል። ጉልበትን መሬት አሳርፎ መጀመር እንጂ ትከሻ ከክርን በታች እስኪወርድ መዘርገፍ አይደለም። የወንበር አቋም ደግሞ፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ሆኖ ጉልበት አጥፎ መቆየት፣ መሐል ላይ ቆሞ የቀረ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ነው።

ሁለት ጉድለት ግን አለበት፤ የዮጋ ሰዎች ብዙም አያወሩትም። አንደኛው፣ ዮጋ ውስጥ መግፋት እንጂ መሳብ የለም ማለት ይቻላል። መሬቱን በእጅ መግፋት ሞልቷል፤ ራስን ወደ ላይ መጎተት ወይም ዕቃ ወደ ራስ መሳብ ግን የለም። ስለዚህ የላይኛው ጀርባና የክንድ ፊት ለፊት ጡንቻ ድርሻቸውን አያገኙም። በሳምንት ሁለት ቀን ፑል አፕ መሥራት ወይም የስፖርት ላስቲክ መጎተት ክፍተቱን ይሞላል። ሁለተኛው፣ የራስ ክብደት እንደ ብረት አይጨመርም። እግር ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ጽናትን እንጂ ተጨማሪ ጉልበትን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ጠንከር ያለ ዮጋ ሁለተኛውን በጥሩ ሁኔታ ያግዛል። ዝግ ያለው ግን ለመጀመሪያው አይበቃም፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሩበት። ሁለቱ ተደምረው ብዙ ሰው ከሚያደርገው በላይ ናቸው።

ሰውነት የሚተጣጠፈው ጡንቻ ስለሚረዝም ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ጡንቻ ሲሳብ ነርቭ «ይበቃል» ብሎ ይይዘዋል። ደጋግማችሁ፣ ሳታስፈራሩት ስትስቡት ያንን ስሜት መቻል ይለምዳል፤ ገደቡን ወደ ፊት ይገፋዋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ለዚህም ነው ጥርስ ነክሶ መጎተት የማይሠራው። አሞኛል ብሎ የተረዳ ነርቭ ይብሱን ያጠብቃል።

በተግባር ሲታይ፦ መጀመሪያ ሰውነታችሁን አሙቁ። ከዚያ አቋሙን ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያዙ፣ እየተነፈሳችሁ። ስሜቱ የጡንቻው ሆድ ላይ የሚሰማ ሳብ ሳብ የሚያደርግ ከሆነ መልካም ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ውጡ። በተጨማሪ፣ የተሳበውን ጡንቻ እዚያው ላይ አሠሩት። ለምሳሌ ወደ ፊት ስታጎነብሱ ተረከዛችሁን ወደ መሬት ተጫኑ። ጥንካሬ ያልደረሰበት መተጣጠፍ ብዙም አይቆይም፤ አይጠቅምምም።

አጥንትም አለ። የዳሌ አጥንት ጉድጓድ ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሰው አሥር ዓመት ቢሠራ እግሩን አጣጥፎ በሎተስ አቋም አይቀመጥም፤ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ መግፋት ጉልበትን ከማበላሸት በቀር ትርፍ የለውም።

ቤቴ ሆኜ የምሠራው የ20 ደቂቃ ልምምድ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?

በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። ትንፋሽ ስትስቡ ደረታችሁን ከፈት፣ ስታስወጡ ጀርባችሁን ጎበጥ አድርጉ። የድመትና የላም አቋም ይባላል፤ ስምንት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ጉልበታችሁን አንሥታችሁ መቀመጫችሁን ወደ ላይ ግፉ። ይህ ወደ ታች ያየ ውሻ የሚባለው ነው። እጃችሁ መሬቱን ይግፋ፣ ጉልበታችሁ አጠፍ ይበል። ተረከዛችሁ መሬት ባይነካ አትጨነቁ። አምስት ትንፋሽ። ወደ ፕላንክ ውጡና 20 ሰከንድ ቆዩ፣ ጉልበታችሁን አሳርፋችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ደረታችሁን ብቻ ትንሽ አንሡ፤ ኮብራ ነው። እጅ ላይ ሳይሆን ጀርባ ላይ ተማመኑ። ይህን ዙር ሦስት ጊዜ ድገሙት።

ተነሥታችሁ ቁሙ። አንድ እግር ወደ ኋላ ውሰዱ፣ የፊት ጉልበት ይታጠፍ፣ እጆች ግራና ቀኝ ይዘርጉ። ሁለተኛው ተዋጊ ይባላል። የፊት ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ፣ ወደ ትንሿ የእግር ጣት አቅጣጫ ገፋ አድርጉት። በየጎኑ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። የወንበር አቋምን ለአምስት ትንፋሽ ያዙ። ከዚያ የዛፍ አቋም፦ በአንድ እግር ቆማችሁ የሌላውን ውስጥ እግር ባት ወይም ጭን ላይ አሳርፉ፣ ጉልበት ላይ ግን አይሁን። ግድግዳ አጠገብ ብትሆኑ ጥሩ ነው።

መጨረሻ ላይ በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዳሌያችሁን አንሡ፤ ድልድይ ነው፣ ሦስት ጊዜ። ጉልበታችሁን ወደ አንድ ጎን ጥላችሁ ተጠምዘዙ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተኙ። ሻቫሳና የሚሉት ይህን ነው። ሰው ሁሉ ሊዘለው የሚፈልገው ክፍልም ይህ ነው፤ አትዝለሉት።

ስለ ትንፋሽ ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ?

ትንፋሽ በፈቃዳችንም ያለ ፈቃዳችንም የሚሠራ ነገር ነው። የልብ ምትን በቀጥታ ማዘዝ አንችልም፤ በትንፋሽ በኩል ግን እንደርስበታለን። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ትንሽ ይዘገያል፣ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቫገስ ነርቭ አማካይነት። ስለዚህ የሚወጣውን ከሚገባው ማስረዘም ሰውነትን ያረጋጋል። በደቂቃ ወደ ስድስት የሚጠጋ ትንፋሽ ብዙ ሰውን ያዝናናል፦ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። በአፍንጫ።

ሌላው ጥቅሙ መለኪያ መሆኑ ነው። ፕላንክ ላይ ሆናችሁ ትንፋሽ ከያዛችሁ ከአቅማችሁ በላይ ሄዳችኋል። ዝቅ በሉ። በኃይልና በፍጥነት የሚደረጉት የአተነፋፈስ ዓይነቶች ግን ለጀማሪ አይደሉም፤ ራስ ያዞራሉ። ለነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ አይመከሩም።

ዮጋ ክብደት ይቀንሳል?

ብቻውን ብዙም አይቀንስም። ዝግ ያለ ሀታ የሚያቃጥለው ኃይል ከፈጣን የእግር ጉዞ ያነሰ ነው። ጠንከር ያለ ቪንያሳ ከጉዞው ጋር ይቀራረባል። የሚረዳው በተዘዋዋሪ ነው፦ የተሻለ የተኛና የተረጋጋ ሰው በጭንቀት የሚበላው ይቀንሳል። ዓላማችሁ ኪሎ መቀነስ ብቻ ከሆነ ትኩረታችሁ አመጋገብ ላይ ይሁን።

በላብ መርዝ ይወጣል? መጠምዘዝ ጉበት ያጸዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር።

አይ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ስለተጠመዘዛችሁም አይጨመቁም። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። መጠምዘዝ ጥሩ እንቅስቃሴ ነው፣ አከርካሪ በየአቅጣጫው መንቀሳቀስ ይፈልጋል። ምክንያቱ ይሄ ከበቃ ሌላ መፈለግ አያሻም።

ወገቤን ያመኛል። ዮጋ ያድነኛል ወይስ ያብስብኛል?

ሁለቱም ይቻላል፤ በዓይነቱ ይወሰናል። ለወራት የቆየና የተለየ ምክንያት ያልተገኘለት የወገብ ሕመም ካላችሁ ዮጋ ይረዳል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ላለው ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። የሚጠበቀው ለውጥ መጠነኛ ነው፤ ተአምር የለም። ሕመሙ የባሰባቸውም አሉ።

በድልድይ፣ በድመትና በላም፣ በዝቅተኛ ኮብራ ጀምሩ። ጀርባን አጉብጦ ወደ ፊት ማጎንበስንና ጠንካራ መጠምዘዝን ለጊዜው ተዉት፣ በተለይ ዲስክ ተንሸራቷል ከተባላችሁ። ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ጉልበት ካጣ ወደ ምንጣፉ ሳይሆን ወደ ሐኪም ሂዱ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ነገ አይባልም።

ዕድሜዬ ከ60 አልፏል። አሁን ብጀምር ምን ይጠቅመኛል?

እንደውም ከወጣቱ የበለጠ የሚያስፈልጋችሁ እናንተ ናችሁ። ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ጡንቻ በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሚዛንም አብሮ ይደክማል። ትልቁ ስጋት መውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዮጋ ለዚህ የተፈጠረ ያህል ነው።

በወንበር ጀምሩ። ተቀምጦ መነሣት፣ እጅ ሳይደገፉ፣ አሥር ጊዜ፤ ይህ የወንበር አቋም ነው፣ ስሙ እንደሚለው። ወንበሩን ይዛችሁ በአንድ እግር ቁሙ። ከመሬት መነሣትና መሬት መቀመጥን ራሱን እንደ ልምምድ ያዙት፤ ይህን የሚችል ሰው በራሱ የሚኖርበት ዕድሜ ይረዝማል። የአጥንት መሳሳት ያለባችሁ ከሆነ ግን ጀርባ አጉብጦ ማጎንበስንና በኃይል መጠምዘዝን ተዉ። የሳሳ አከርካሪ ፊት ለፊት ሊደቅ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ልቀጥል?

ሐኪምሽ እንቅስቃሴ ካልከለከለሽ፣ ቀጥይ። ቀድሞ የምትሠሪ ከነበርሽ አስተካክለሽ ቀጥይ፤ አዲስ ከሆንሽ ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጀ ክፍል ፈልጊ። ሞቃት ክፍል አይሆንም። በሆድ መተኛትና ሆድን የሚጨምቅ መጠምዘዝ ይቅር። ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ በጀርባ ለረጅም ጊዜ አትተኚ፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫናል። ለሻቫሳና በግራ ጎንሽ ተኚ።

በዚህ ወቅት ሆርሞን ጅማቶችን ስለሚያላላ ከወትሮው የበለጠ ትተጣጠፊ ይሆናል። ያን ዕድል አትጠቀሚበት። ደም ከታየ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ማሕፀንሽ በየጊዜው ከተኮማተረ አቁሚና ሐኪምሽን አነጋግሪ።

በጭንቅላት መቆም ግዴታ ነው? የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበትስ?

ግዴታ አይደለም። በእኔ አስተያየት ለብዙ ሰው አስፈላጊም አይደለም። አንገት የተሠራው ጭንቅላትን ለመሸከም ነው፤ ሰውነትን ሁሉ እንዲሸከም ማድረግ ስህተት ሲፈጠር ዋጋው ውድ ነው። ተገልብጦ መቆም የሚሰጠውን እረፍት እግርን ግድግዳ ላይ አንሥቶ መተኛት በአብዛኛው ይሰጣል።

ጭንቅላት ከልብ በታች ሲሆን የዓይን ግፊት ይጨምራል። ወደ ታች ያየ ውሻ ላይም እንኳ። ግላኮማ ያለበት ሰው እነዚህን አቋሞች ይተው፣ የዓይን ሐኪሙንም ያማክር። ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበትም እንደዚሁ አይገልበጥ፤ ትንፋሽ ይዞ የሚገፋባቸውን አቋሞችም ያስወግድ። በወር አበባ ጊዜ መገልበጥ ጉዳት አለው የሚባለው ግን በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ካልተመቸሽ ተይው፣ ከተመቸሽ ሥሪው።

ዮጋ ሃይማኖት ነው ወይ? ከእምነቴ ጋር ይጋጭ ይሆን?

ሥሩ በሂንዱ፣ በቡድሃና በጃይን ወጎች ውስጥ ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ዛሬ የሚሰጡት ክፍሎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ቦታ ማንትራ፣ እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል፣ ይዘመራል፣ ስለ አማልክት ይወራል። ሌላው ቦታ ከጡንቻና ከትንፋሽ ውጭ ምንም አይነሣም። ፕላንክና ድልድይ የማንም እምነት አይደሉም።

ስለዚህ ጥያቄው «ዮጋ» የሚለው ስም ላይ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ላይ ይሁን። ከመመዝገባችሁ በፊት አስተማሪውን ጠይቁ። የማትፈልጉትን ዝማሬ ዝም ብላችሁ ማሳለፍ፣ ወይም ሌላ ቦታ መሄድ ትችላላችሁ። አንዳንድ የእምነት አባቶች ይቃወማሉ፣ አንዳንዶች አይቃወሙም፤ የኅሊናን ጥያቄ ይህ ጽሑፍ ሊመልስላችሁ አይችልም።

ሁሉም አቋም ቀላል ይሆንልኛል፤ ሰውነቴ በጣም ይተጣጠፋል። ይሄ ጥሩ ነው?

ተጠንቀቁ። ክርናችሁ ወይም ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ በኋላ ወደ ኋላ የሚያልፍ ከሆነ፣ መዳፋችሁም ያለ ልፋት መሬት የሚነካ ከሆነ፣ ጅማታችሁ የላላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ክፍል ውስጥ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሣል። ውስጡን ግን መገጣጠሚያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጡንቻው እየሠራ አይደለም።

ለእናንተ ልምምዱ ተገላቢጦሽ ነው። ከምትችሉት ጥግ ቀድማችሁ አቁሙና እዚያው በጡንቻ ያዙት። ጉልበታችሁን ወደ ኋላ አትቆልፉ፣ ጥቂት አጠፍ አድርጉት። ዪንን ቀንሱ፣ ፕላንክና ድልድይ ጨምሩ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ለብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ አሁን መቀመጫዬ ሥርና የእጄ አንጓ ማመም ጀምሯል። ለምን?

መቀመጫ አጥንት ላይ፣ የጭን ጀርባ ጡንቻ ከአጥንት በሚያያዝበት ቦታ የሚሰማ ሕመም በዮጋ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ጅማቱ በየቀኑ ተስቦ ተስቦ ተቆጥቷል። ሲቀመጡ ያማል፣ ሲያጎነብሱ ይወጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የያዛቸው መስሏቸው ይብስ ይስቡታል። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው፦ ማጎንበስን ለሳምንታት አቁሙ፣ በድልድይ አጠንክሩት። ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ካልተሻላችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው።

የእጅ አንጓ የሚታመመው ክብደት ሁሉ ተረከዘ መዳፍ ላይ ሲወድቅ ነው። ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ በጣት ጫፍና በጣቶች ሥር መሬቱን ተጫኑ። ካልበቃ በክርን ፕላንክ ሥሩ። መገጣጠሚያ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ግን ሕመም ከሌለው አያሳስብም።

አስተማሪው ብቁ መሆኑን በምን አውቃለሁ? እጁን ጭኖ ቢገፋኝስ?

በብዙ አገሮች ዮጋ ለማስተማር የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም። በብዛት የምታዩት የ200 ሰዓት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ከወረቀቱ ይልቅ ጠባዩን እዩ። ከመጀመሩ በፊት ጉዳት ወይም ሕመም እንዳላችሁ ይጠይቃል? ለአንድ አቋም ቀለል ያለ አማራጭ ያሳያል? ክፍሉን እየዞረ ያያል ወይስ ራሱ እየሠራ ትርዒት ያሳያል? በሽታ እፈውሳለሁ የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በእጅ ማስተካከል የተለመደ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሆን ግን የለበትም። ሕመማችሁን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ከጀርባ ገፋ ያደረገ ሰው ጅማታችሁ የት ላይ እንደሚበጠስ አያይም። በታወቁ መምህራን ላይ ሳይቀር ከንክኪ ጋር የተያያዙ ከባድ ክሶች የቀረቡበት ዘርፍ ስለሆነ ጉዳዩ የጅማት ብቻ አይደለም። ከክፍሉ በፊት «እባክዎ አይንኩኝ፣ በቃል ይንገሩኝ» ማለት ይበቃል። ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። ጥሩ አስተማሪ «እሺ» ብሎ ያልፋል። የሚከራከር ወይም የሚያሾፍ ከሆነ በክፍሉ መሐልም ቢሆን ምንጣፋችሁን ጠቅልላችሁ ውጡ።